ማን ይጀምር? ከሰንጠረዥ እስከ ዲጂታል የካርታ ጨዋታ

ጎፋ ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ ስልካችሁ ላይ ካርታ ስትጫወቱ፣ እጃችሁ ገና ሳይሞቅ ተሸንፋችሁ ታውቃላችሁ? ያናድዳል! ግን ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ላይሆን ይችላል። ተራ በተራ በሚሄድ ጨዋታ ቀድሞ የጀመረው ብዙ ጊዜ ብልጫ አለው።

ነገሩ ከስልክ በፊትም ነበር። የእኛው ሰንጠረዥ የሚከፈተው «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አይቶ ጽፏል። በወረራ ጊዜ «ማን ይጀምር?» ብሎ ጭቅጭቅ የለም።

ወደ ካርታ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» በተባለው የወረቀት ጨዋታ፣ ጉልበት የሚሰጡት «መሬት» የሚባሉ ካርታዎች ካልደረሷችሁ ቁጭ ብላችሁ ትሸነፋላችሁ። በ2014 የወጣው ዲጂታሉ «ሀርዝስቶን» ግን ጉልበቱን በየተራው ራሱ ይጨምርላችኋል። በዚያ ላይ ጀማሪው 3 ካርታ ሲይዝ፣ ሁለተኛው 4 ካርታና ለአንድ ተራ ትንሽ ጉልበት የሚጨምር «ሳንቲም» ይሰጠዋል።

አያችሁ፣ ሚዛን ማለት ለሁለቱም አንድ ዓይነት መስጠት አይደለም፤ ጉድለቱን ለክቶ መካስ ነው።

ስለዚህ «ጨዋታው ያዳላል» ከማለታችሁ በፊት ማን እንደጀመረና ማን እንዳሸነፈ መዝግቡ። 20 ጨዋታ ግን አይበቃም። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብላችሁ ሳንቲም 20 ጊዜ ብትወረውሩ፣ 13 ጊዜ ዘውድ ቢመጣ ብርቅ አይደለም። መቶዎቹን ስትሞሉ፣ የሚያናድዳችሁ ዕድል ይሁን ሕጉ ቁጥሩ መናገር ይጀምራል።