ከሦስቱ ቡጢኞች ማን ይበልጣል?

ዋግ ዝናብ የሚጠግብ አገር ባይሆንም፣ በሰቆጣ የክረምት ማታ ረጅም ነው። ብርዱንና ጭቃውን የሸሸ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና መምህር ከአንድ ቤት ሲሰበሰብ፣ ጨዋታው ከገበያ ዋጋ ይጀምርና ወደ ታሪክ፣ ከታሪክም ወደ ክርክር ይሻገራል። ባለፈው ሐምሌ በእንዲህ ያለ ማታ የተነሣው ክርክር ስለ ቡጢ ጨዋታ ነበር። አንድ ወጣት መምህር ከከባድ ሚዛን ቡጢኞች ሁሉ የሚበልጠው መሐመድ ዓሊ ነው ሲል፣ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ባልንጀራው ጆ ሉዊስን አነሣ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጃክ ጆንሰን ነበረ አለ። ድምፁ እየበረታ ሲሄድ፣ ከጥግ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው ያውቃሉን?» ሲሉ ጠየቁ። አልተጋጠሙም አልናቸው። «እንግዲያውስ በምን ዐይታችሁ ታበላልጣላችሁ?» አሉን።

በዚያች ማታ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

ለነገሩ በተለያየ ዘመን የነበሩትን ሰዎች ማመዛዘን ለሰቆጣ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ግን በዐድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ይኸውም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆነው ዘውዳቸውንም ነፃነታቸውንም አጡ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ የዚያው አገር ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በፋሺስት ጠላት ላይ ተነሥተው ሲዋጉ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ወደቁ፤ ጠላትም ራሳቸውን አስቈርጦ ሕዝብ እንዲያየው በአደባባይ አቆመው። አንደኛው ዘውድ ጭነዋል፤ ሁለተኛው አልጫኑም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ስም በተነሣ ጊዜ የምሰማቸው ሽማግሎች ጨዋታቸውን ከሠራዊት ብዛት አይጀምሩም፤ ከማን ጋር፣ በምን ቀን፣ ምን ይዘው ቆሙ ብለው ይጠይቃሉ እንጂ። እኔም ቡጢኞቹን በዚሁ ሚዛን ብመዝናቸው ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ጡንቻን ከጡንቻ ጋር ለማመዛዘን የሞከሩ አልጠፉም። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1969 አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጨዋታውን የተወውን ሮኪ ማርሲያኖንና መሐመድ ዓሊን በፊልም ማንሻ ፊት አጋጠሟቸው፤ አሸናፊውንም ኮምፒዩተር እንዲወስን አደረጉ። ሁለቱ ሰዎች እንደ ተዋናይ ልዩ ልዩ መጨረሻ ያለው ግጥሚያ ተጫወቱ። ማርሲያኖ ፍርዱን ሳያይ በዚያው ዓመት በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ፊልሙ በ1970 ለአሜሪካ ሕዝብ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ፤ ለአውሮፓ በተላከው ግን ያሸነፈው ዓሊ ነበር። ዳኛው መኪና ሆኖ ሳለ ፍርዱ እንደ ተመልካቹ አገር የሚለዋወጥ ከሆነ፣ እኛ በጭቅጭቅ ማታውን ማሳለፋችን የሚያሳፍር አይደለም። ደግሞስ ጨዋታው ራሱ አንድ አልነበረም፤ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1910 የተጋጠመው ለ45 ዙር በተቆረጠ ውል ሲሆን፣ በሉዊስና በዓሊ ዘመን የሻምፒዮና ግጥሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዙር አያልፍም ነበር።

ስለዚህ ጡንቻውን ትተን ወደ ሰውየው እንሂድ።

ጃክ ጆንሰን በቴክሳስ ጋልቬስተን በምትባል የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1878 ተወለደ። በታኅሣሥ 1908 በአውስትራልያ ሲድኒ ከተማ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ነጮቹ ይህን ለመቀበል ስላልፈቀዱ፣ ጨዋታ ትቶ ተቀምጦ የነበረውን ጄፍሪስን ከእርሻው አስነሥተው አመጡበት። ሐምሌ 4 ቀን 1910 በሪኖ ከተማ ጆንሰን እርሱንም በ15ኛው ዙር አሸነፈው፤ በዚያችው ማታ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በጥቁሮች ላይ ሁከት ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ። ጆንሰን አንገቱን የሚደፋ ሰው አልነበረም፤ ያሸነፈውን ይስቅበታል፤ የወደዳትን፣ ነጭም ብትሆን፣ ያገባል። በዚሁ ምክንያት በ1913 ተከሶ ተፈረደበትና ከአገር ሸሸ፤ በ1915 በሃቫና በ26ኛው ዙር ተሸነፈ፤ በ1920 ተመልሶ እጁን ሰጥቶ ታሰረ። የምሕረት ደብዳቤ የተጻፈለት በ2018፣ ከሞተ ከ72 ዓመት በኋላ ነው። ከእርሱ ሽንፈት በኋላ ለ22 ዓመታት ለማንኛውም ጥቁር ቡጢኛ በከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ላይ የመጋጠም ዕድል አልተሰጠውም። ይህን ቍጥር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የሉዊስ ዝምታ የሚገባን በእርሱ ነውና።

ጆ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1914 በአላባማ ከጥጥ ገበሬዎች ቤተ ሰብ ተወልዶ በዲትሮይት አደገ። ወኪሎቹና አሠልጣኙ ጥቁሮች ነበሩ፤ የጆንሰንን መጨረሻ ስለሚያውቁ ደንብ አወጡለት። ነጭ ተጋጣሚ ሲወድቅ አትሣቅ፤ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ አትነሣ፤ በንግግር አትመካ አሉት። እርሱም ደንቡን ጠበቀ።

በዚህ ጊዜ ነው ታሪኩ ወደ እኛ የሚመጣው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ጥይት ከተተኰሰ በኋላ ኢጣልያ ወታደሯን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ታጓጕዝ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም አቤቱታውን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቅርቦ ይጠባበቃል። ይኸው ክስ በጄኔቭ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም የ21 ዓመቱ ጆ ሉዊስ ከኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የተጠጋ፣ ክብደቱ 118 ኪሎ ገደማ የሆነ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሉዊስ ግን ከ90 ኪሎ አያልፍም። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በ1933 ሻምፒዮናውን ሲከላከል ሙሶሊኒ ራሱ በሮማ ተገኝቶ ተመልክቶታል፤ የፋሺስት መንግሥትም የአዲሲቱ ኢጣልያ ጕልበት ምልክት አድርጎ ያሳየው ነበር። እንግዲህ በአሜሪካ የሚኖር ጥቁር ሕዝብ ሁለቱን ሰዎች ሲያይ ያየው ሁለት ቡጢኞችን ብቻ አልነበረም። አንደኛው ኢጣልያ፣ ሁለተኛው ኢትዮጵያ ሆኖ ታየው። ጋዜጦችም እንዲሁ ጻፉ፤ ሁከት ይነሣል ተብሎ ስለ ተፈራ ፖሊስ በዝቶ ቆመ፤ ግጥሚያው ሳይጀመርም አስተዋዋቂው ከ60,000 ለሚበልጠው ተመልካች በጨዋነት እንዲያይ ለመነ። በ6ኛው ዙር ሉዊስ ካርኔራን ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አስቆመ። የሐርለም ሕዝብ በዚያች ሌሊት በጎዳና ላይ ሲጨፍር ዐደረ።

ሉዊስ ስለ ኢትዮጵያ ንግግር ያደረገ ሰው አይደለም። በዚያ ዕድሜው ስለ አገራችን ብዙ ያውቅ ነበር ብዬም አልከራከርም። ነገር ግን ከባርነት ከወጡ 70 ዓመት ብቻ የሆናቸው ሰዎች፣ በካርታ ላይ እንጂ በዐይናቸው ያላዩዋትን አገር በአንድ ወጣት ጀርባ ላይ አሳፍረው ወደ መድረክ አወጧት። ከነዚያው ወገን የሆነው የቺካጎው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል አገልግሏል፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በዚሁ በአገራችን ዐርፏል።

እዚህ ላይ ያ ወጣት መምህር የሚለኝ አለ። «ታዲያ የሉዊስ ቡጢ ምን አዳነን?» ይለኛል። ልክ ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። በመጋቢት ወር ሰቆጣ ተያዘች፤ በዚያው ወር በማይጨው የሆነው ሆነ። በያንኪ ስታዲየም ካርኔራ ሲወድቅ በላያችን ሊጣል ከተዘጋጀው ቦምብ አንዲትም አልጐደለችም። የደጃዝማች ኃይሉ አንገት የተቈረጠው ሉዊስ የዓለም ሻምፒዮን በሆነ በሦስተኛው ወር ነው። እኔም ብሆን ቡጢ አገር ያድናል አላልሁም። እኔ የምለው፣ የመንግሥታት ማኅበር ፊቱን ባዞረብን ሰዓት ከውቅያኖስ ማዶ ስማችንን የራሱ ስም ያደረገ ሕዝብ ነበረ፤ ያንን ስም በትከሻው የተሸከመለት ደግሞ ይህ ዝምተኛ ልጅ ነበር ነው።

የቀረው የሉዊስ ታሪክ ከብዙዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ እለፈው። በ1936 በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ተሸነፈ፤ በሰኔ 1937 ብራዶክን በ8ኛው ዙር ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሰኔ 1938 ሽሜሊንግን በ124 ሴኮንድ ዘረረው። ሻምፒዮናውን እስከ 1949 ሲይዝ 25 ጊዜ ተከላክሎለታል። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሆነ፤ የሁለት ግጥሚያ ገንዘቡንም ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር የርዳታ ድርጅቶች ሰጠ። አንባቢ ይታዘብ፤ ገንዘቡን በሰጠ ጊዜ ጥቁር ሰው በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ከምግብ ቤት አገልጋይነት የተሻለ ሥራ አያገኝም ነበር። በጦር ሠፈርም ሳለ ጥቁር ወታደሮች የመኰንንነት ትምህርት እንዳይነፈጋቸው ባለው ስም ተሟገተላቸው። ሰላም በሆነ ጊዜ ግን መንግሥት የግብር ዕዳ አወጣበት፤ ወለዱ እየበዛ ሄዶ ሊከፍለው የማይችለው ሆነ። ያ ሁሉ ያጨበጨበለት ሰው በእርጅናው በላስ ቬጋስ የቁማር ቤት በር እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ኖረ። በ1981 ሲሞት ለቀብሩ ወጪ ከረዱት አንዱ ያ የቀድሞ ተጋጣሚው ሽሜሊንግ ነበር።

አሁን ወደ መሐመድ ዓሊ እንመለስ። ስሙ ገና ካሲየስ ክሌይ ሳለ፣ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ ኦሊምፒክ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቅ አገኘ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ በዚያችው ከተማ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፤ ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው በወሰዱት ሐውልት አጠገብም ሮጦ ዐለፈ። ዓሊ በ1964 ሊስተንን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ስሙንና ሃይማኖቱን መለወጡን ገለጠ፤ በሚያዝያ 1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም አለ። ማዕርጉ ተገፈፈ፤ 5 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ብሎ ባይታሰርም ጕልበቱ በሞላበት ዕድሜ ከሦስት ዓመት በላይ ከመድረክ ታገደ፤ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረለት። በ1974 በኪንሻሳ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘርሮ ማዕርጉን መለሰ። ይህን ሁሉ አከብራለሁ። በ1996 በአትላንታ፣ ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባሸነፉበት ኦሊምፒክ፣ በሕመም በሚንቀጠቀጥ እጁ ችቦውን ሲለኵስ ያየ ሰው ሁሉ ማክበሩ አይቀርም።

ሁለት ነገር ግን አልወድለትም። አንደኛው፣ በታገደ ጊዜ ፈቃዱ እንዲመለስለት የደገፈውን ጆ ፍሬዚየርን በኋላ በሕዝብ ፊት እንደ ዝንጀሮ አድርጎ መስደቡ ነው። ሁለተኛው፣ በጕብዝናው ሉዊስን የነጮች ታዛዥ ብሎ መንቀፉ ነው። በርግጥ ሉዊስም አስቀድሞ ዓሊን ነቅፎታል፤ በአዲሱ ስሙም አልጠራው ብሎ ነበር። ነገር ግን ሉዊስ እንደ ዓሊ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ሃያ ሁለቱ ዓመታት አርባ ይሆኑ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዓሊ የጮኸበት በር በጆንሰን ተሰብሮ ተመልሶ የተዘጋ በር ነው፤ ቀስ ብሎ የከፈተው ሉዊስ ነው። እኔ ራሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ዝምታ ሁሉ ፍርሃት አለመሆኑን ዐውቃለሁ፤ ፍርሃት የሆነበትም ቀን እንዳለ ዐውቃለሁ። የሉዊስ ዝምታ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመለየት ከመድረክ ውጭ ለወታደሮቹ ያደረገውን ማየት ይበቃል።

ስለዚህ ድምፄን የምሰጠው ለሉዊስ ነው። ሚዛኔ በ1927 ዓ.ም. ምክንያት ወደ አገሬ ማዘንበሉን አልክድም፤ ወጣቱ መምህርም ይህንኑ ይዞ እንደሚሟገተኝ ዐውቃለሁ።

ጽሑፉን ጨርሼ ለአዛውንቱ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ስለ ሦስቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ «ያ ግዙፉ ጣሊያንስ በኋላ ምን ሆነ?» አሉኝ። ካርኔራ ሴኳልስ በምትባል የሰሜን ኢጣልያ መንደር ከደኻ ቤት የተወለደ መሆኑን፣ በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ ተሰዶ በሰርከስ ጕልበቱን እያሳየ እንጀራ መብላቱን፣ በቡጢ ያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ወኪሎቹ እንደ ወሰዱበት፣ ከጦርነቱም በኋላ በአሜሪካ በትግል ጨዋታ እንደ ኖረ ነገርኋቸው። ወደ ሴኳልስ ተመልሶ የሞተው ሰኔ 29 ቀን 1967 ነው፤ ሻምፒዮን በሆነ ልክ በ34ኛው ዓመት፣ በዚያችው ቀን።

«ደኻ ኖሯል ለካ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።