ጆርጅ ካልቨርት፦ የንጉሡ ዋና ጸሐፊና የአትላንቲክ ማዶ ርስቶቹ

ጆርጅ ካልቨርት (1580 ገደማ–1632 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ጄምስ የመንግሥት ዋና ጸሐፊ፣ በኋላም የመጀመሪያው ባሮን ባልቲሞር ነበር። ዮርክሻየር ውስጥ ኪፕሊን በተባለ ቦታ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ፤ ባለሥልጣናት ቤተሰቡን በግድ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስገቡት። ኦክስፎርድ ከተማረ በኋላ የንጉሡ ሚኒስትር የነበረው የሮበርት ሲስል ጸሐፊ ሆኖ ቤተ መንግሥት ገባ፤ በ1619 ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። ዛሬ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ለካቶሊኮች መጠጊያ ሊሠራ ባሕር የተሻገረ አማኝ ተብሎ ነው። ይህ አተያይ የነገሩን ቅደም ተከተል ያዛባል። ካልቨርትን የቅኝ ግዛት ባለቤት ያደረገው የመንግሥት ሥራው ነው፤ የርስቶቹ አስተዳደርም የዚያ ሥራ አሻራ አለበት።

የሹመቱ ዘመን ዋና ጉዳይ ስፔን ነበረች። የጄምስ ሴት ልጅ ባል ፍሬደሪክ ጀርመን ውስጥ የነበረውን የፓላቲኔት ግዛቱን በጦርነት ተነጥቆ ነበር። ጄምስም ልጁን ቻርልስን ከስፔን ንጉሥ እኅት ከማሪያ አና ጋር በማጋባት ግዛቱን ያለ ውጊያ ለማስመለስ ተስፋ አደረገ። ይህን ፖሊሲ ስፔንን አጥብቆ በሚጠላው የ1621 ፓርላማ ፊት ቆሞ የመከላከሉ ሸክም ካልቨርት ላይ ወደቀ። በ1623 ቻርልስና የንጉሡ ባለሟል የባኪንግሃም መስፍን ራሳቸው ማድሪድ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ፊቱን ወደ ጦርነት አዞረ። ካልቨርት የጋብቻው ደጋፊ ሆኖ ስለታወቀ ቦታ አጣ። በ1625 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ካቶሊክነቱንም በይፋ ገለጸ። ንጉሡ ግን አልተቀየመውም፤ የአየርላንድ ባሮንነት ማዕረግ ሰጥቶ አሰናበተው።

ቅኝ ግዛቱ የእምነቱ ፍሬ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን የ1625 ውሳኔ መነሻ ያደርጋሉ። ሆኖም ካልቨርት ኒውፋውንድላንድ ውስጥ መሬት የገዛው በ1620 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎቹ እዚያው ፌሪላንድ የደረሱት በ1621፣ አቫሎን ለተባለው ለዚህ ርስት ቻርተር የተሰጠውም በ1623 ነው። ከዚያም በፊት በቨርጂኒያና በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያዎች ገንዘቡን አፍስሶ ነበር። በልቡ ቀድሞም ካቶሊክ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገሩም የማይሆን አይደለም። ነገር ግን እምነት ብቻውን፣ ያውም በሕግ የተወገዘ እምነት፣ የንጉሥ ማኅተም ያረፈበት ርስት አያስገኝም። ያንን ያስገኘው ታማኝ አገልግሎቱና ለንጉሡ የነበረው ቅርበት ነው።

የቻርተሮቹ ይዘት ይህን የበለጠ ያሳያል። አቫሎንም ሆነ በኋላ የጠየቀው ሌላው የአሜሪካ ርስት ሜሪላንድ የተሰጡት በደርሃም ጳጳስ ሥልጣን አምሳል ነው። ደርሃም ከስኮትላንድ ድንበር ብዙም የማይርቅ ግዛት በመሆኑ ጳጳሱ እንደ ንጉሥ ዳኛ የመሾምና ጦር የማስከተት መብት ነበረው። የሜሪላንድ ባለርስት ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ግብር በየዓመቱ ዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚቀርቡ ሁለት የአገሬው ቀስቶችና ከሚገኘው ወርቅና ብር አንድ አምስተኛው ነበር። ሕግ ሲያወጣ ግን የነጻ ሰዎችን ስምምነት ማግኘት ነበረበት። ሰነዱ ስለ ካቶሊኮች በግልጽ የሚለው ነገር የለም። አብያተ ክርስቲያናት በእንግሊዝ ሕግ እንዲባረኩ ቢያዝም ሰፋሪው የትኛውን እምነት መያዝ እንዳለበት አይወስንም። ተቃዋሚ ሊይዘው የሚችል ቃል ሳያስገቡ የፈለጉትን ማስፈቀድ በውል ድርድር የሠለጠነ ሰው ብልሃት ነው፤ የካልቨርት ትልቁ ሥራም ይህ ይመስለኛል።

ፍጻሜውን ግን አላየም። ራሱ እዚያ ሆኖ ያሳለፈው የኒውፋውንድላንድ የ1628–29 ክረምት ሰፋሪዎቹን በበሽታ ስለጎዳቸው ወደ ቨርጂኒያ ተሻገረ፤ ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን የበላይ አድርጎ የሚቀበለውን መሐላ እምቢ በማለቱ መቀመጥ አልቻለም። ሚያዝያ 1632 ሞተ፤ የሜሪላንድ ቻርተር ከሁለት ወር በኋላ ለልጁ ለሲሲል ጸደቀ። ሰነዱ መሬቱን ያልለማ ስለሚለው፣ ኬንት ደሴት ላይ ቀድሞ የሰፈረው የቨርጂኒያው ዊልያም ክሌይቦርን በዚሁ ቃል ተሟገተ፤ በ1638 ለንደን ለባልቲሞር ፈረደች። በአገሩ ቀድመው ይኖሩ የነበሩት የያኦኮማኮና የፒስካታዌይ ሕዝቦች ግን በዚያ ችሎት ቃላቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።