አሥራ ስድስት ዓመት የጸናች ኒያ

(በሬድዮ ከቀረበ ትምህርት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ረመዳን በገባ ቁጥር ብዙዎቻችን ለራሳችን ቃል እንገባለን። ከእንግዲህ የፈጅር ሶላት በጀማዓ አታመልጠኝም፣ ቁርኣንን በየወሩ አኸትማለሁ፣ ጫት እተዋለሁ፣ ከዘመድ የተቆረጠውን እቀጥላለሁ እንላለን። ሸዋል ሲጋመስ ግን የመስጂዱ ሰፍ ይሳሳል፤ ሙስሐፉም ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቃሉን ደጋግሞ ያፈረሰ ሰው «እኔ አይሆንልኝም» ብሎ ተስፋ መቁረጡ ነው። ጥፋቱ ያለው ቃል በመግባታችን ላይ አይደለም። ቃሉን ዕለት ዕለት የምንፈጽምበት መንገድ ሳናበጅ በመቅረታችን ነው። ቀደምቶቻችን አንድን ውሳኔ ለብዙ ዓመታት እንዴት ጠብቀው እንዳቆዩት ለማየት ከሶሒሕ አል-ቡኻሪ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከአንድ መጅሊስ የተነሳ ሐሳብ

ኢማም ሙሐመድ ኢብኑ ኢስማዒል አል-ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) በ194 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ810) ዛሬ በኡዝቤኪስታን በምትገኘው በቡኻራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። በአሥር ዓመታቸው ገደማ ሐዲሥ በቃል መያዝ ጀመሩ። በ16 ዓመታቸው ከእናታቸውና ከወንድማቸው ከአሕመድ ጋር ለሐጅ ወደ መካ ተጓዙ። ሐጁ ሲፈጸም እናትና ወንድም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እርሳቸው ግን ዕውቀት ፍለጋ እዚያው ቀሩ። ከዚያም በሒጃዝ፣ በኢራቅ፣ በሻም፣ በግብጽና በኹራሳን እየተዘዋወሩ ከ1,000 በላይ ከሆኑ መምህራን ሐዲሥ ጻፉ።

በዚያ ዘመን የሐዲሥ መጻሕፍት አልጠፉም ነበር። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራውና ደካማው ዘገባ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ ለመለየት የሚችለው ሊቅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ኢማሙ በመምህራቸው በኢስሓቅ ኢብኑ ራሀወይህ መጅሊስ ተቀምጠው ሳሉ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱንና ትክክለኛውን ብቻ የያዘ አጠር ያለ መጽሐፍ ቢዘጋጅ ምንኛ መልካም ነበር የሚል ሐሳብ ተነሳ። በመጅሊሱ የነበረው ሁሉ ቃሉን ሰምቷል። ሰምቶም ወደየቤቱ ሄዷል። በአንድ ወጣት ልብ ውስጥ ግን ቃሉ ገብቶ ቀረ። ሥራው 16 ዓመት ፈጀ።

በቀን ስንት ሐዲሥ?

ኢማሙ መጽሐፉን ከ600,000 ያህል ዘገባዎች መርጠው እንዳዘጋጁት ተላልፏል። ይህ ቁጥር አንድ ሐዲሥ በተለያዩ የዘጋቢዎች ሰንሰለት ሲመጣ እያንዳንዱን ሰንሰለት ለብቻ የሚቆጥር ነው። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ቆጠራ በሶሒሑ ውስጥ ተደጋጋሚዎቹን ጨምሮ 7,563 ሐዲሦች ይገኛሉ፤ ድግግሞሹ ሲቀር 2,600 ያህል ይሆናሉ።

እስቲ እናስላው። 16 የሂጅራ ዓመት ከ5,600 ቀናት በላይ ነው። 7,563ቱን ለእነዚህ ቀናት ብናካፍል በቀን ሁለት ሐዲሥ እንኳ አይደርስም። እርግጥ ነው፣ ሥራው በየቀኑ እኩል ተከፋፍሎ አልተሠራም፤ ጉዞ ነበረ፣ ማጣራት ነበረ፣ ማስተማር ነበረ። ቢሆንም ስሌቱ አንድ ነገር ያስተምረናል። ዓለም የሚደነቅበት ይህ ታላቅ ሥራ ሲበተን የሚገኘው በአንድ ቀን ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው።

ኢማሙ አንድ ሐዲሥ በሶሒሑ ከማስፈራቸው በፊት ገላቸውን ታጥበው ሁለት ረክዓ ይሰግዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ድግግሞሹን ትተን 2,600ዎቹን ብቻ ብንወስድ እንኳ ከ5,000 ረክዓ በላይ ይሆናል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ቀን ኒያ እስከ መጨረሻው ሐዲሥ ድረስ በየጊዜው ይታደስ ነበር። እኛ ኒያችንን በረመዳን መግቢያ አንድ ጊዜ ነይተን ዓመቱን ሙሉ እንዲያደርሰን እንጠብቃለን፤ ኒያ ግን እንደ ፋኖስ ነው፤ ጋዝ ካልተጨመረለት ይጠፋል።

ጸሐፊያቸው ሙሐመድ ኢብኑ አቢ ሓቲም ደግሞ አብረው ሲጓዙ ያየውን ነግሮናል። ኢማሙ በአንድ ሌሊት ከ15 እስከ 20 ጊዜ ተነስተው፣ በባልጩት እሳት ጭረው መብራት ያበሩና በሐዲሦች ላይ ምልክት አድርገው መልሰው ጋደም ይሉ ነበር። ለምን አትቀሰቅሱኝም ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አንተ ወጣት ነህ፣ እንቅልፍህን ላበላሽብህ አልፈልግም የሚል መልስ ሰጡት። ሱብሓነላህ! የራሳቸውን ዓላማ ሸክም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አልጫኑም።

ገመዱን ፍቱት

ኢማሙ የሰበሰቡት መጽሐፍም ስለ ውሳኔና ስለ ጽናት ብዙ ይናገራል። በዚያ መጽሐፍ ከተዘገቡት መካከል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ የሚያስተምረው ሐዲሥ ይገኛል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጊዜ ወደ መስጂድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረ ገመድ አዩ። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ዘይነብ (ረ.ዐ) በሌሊት ሶላት ሲደክማቸው የሚይዙት መሆኑ ተነገራቸው። እርሳቸውም ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው ብርታት እያለው ይስገድ፣ ሲደክመውም ይቀመጥ ዘንድ አስተማሩ።

የዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ታሪክም አለ። ይህ ወጣት ሶሓባ በየቀኑ ሊጾም፣ ቁርኣንንም በየሌሊቱ ሊያኸትም ወሰነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ በወር ሦስት ቀን እንዲጾም መከሩት። ከዚያ በላይ እችላለሁ እያለ ሲጨምር ሲጨምር፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን በሚፈጥርበት በነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ጾም ላይ ቆሙ፤ ቁርኣኑንም በሰባት ቀን እንዲያኸትም ፈቀዱለት። ዓመታት አለፉ፣ እርጅናም መጣ። ያኔ ምነው የነቢዩን ማቅለል በተቀበልኩ ኖሮ እያለ ይመኝ ነበር።

ቢሆንም ቃሉን አልተወም። ሌሊት የሚያነበውን የቁርኣን ክፍል ቀን ለቤተሰቡ እያነበበ ያዘጋጀው ነበር፤ በሌሊት እንዲቀለው። ጉልበት ለማግኘት ሲፈልግም ተከታታይ ቀናት ይፈጥርና፣ ያሳለፋቸውን ቀናት ቆጥሮ ያንኑ ያህል ይጾም ነበር። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ስንወስን እርጅናንና ድካምን አስበን እንወስን። ከወሰንን በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ስላመለጠን ሁሉን አንጣል፤ ቆጥረን እንክፈል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በልብ መወሰንና ለአላህ መሳል (ነዝር) አንድ አይደሉም። ዑመር (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በመስጂደል ሐራም አንድ ሌሊት ኢዕቲካፍ ሊያደርጉ ተስለው ስለነበር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ ስለታቸውን እንዲሞሉ ታዘዋል። «ወላሂ» ብሎ ምሎ ያፈረሰም ከፋራ አለበት፤ አሥር ሚስኪን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነጻ ማውጣት፣ ካልቻለ ሦስት ቀን መጾም ነው። ስለዚህ ስሜታችን በጋለ ቁጥር መሐላና ስለት አናብዛ።

እምቢ ማለትም የዓላማ ክፍል ነው

ኢማም አል-ቡኻሪ በዕድሜያቸው ማምሻ ወደ ቡኻራ በተመለሱ ጊዜ፣ የከተማይቱ ገዥ ኻሊድ ኢብኑ አሕመድ ወደ እርሱ መጥተው መጻሕፍታቸውን እንዲያነቡለት ጠየቀ። ኢማሙ ዕውቀትን ተሸክመው ወደ ገዥ ደጅ እንደማይሄዱ፣ የፈለገ ወደ መስጂዳቸው ወይም ወደ ቤታቸው መምጣት እንደሚችል መለሱ። በዚህ ምክንያት ከተወለዱባት ከተማ ወጡ። በ256 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ870) በዒደል ፊጥር ሌሊት፣ በሰመርቀንድ አቅራቢያ ኸርተንክ በምትባል መንደር ወደ አኺራ ሄዱ። አገር ያጡበት ዓላማ ግን አልጠፋም።

ውድ አድማጮች፣ ያ ውሳኔ ወደ እኛም ደርሷል። ሶሓቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውን፣ ነጃሺም ሲሞቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሆነው እንደሰገዱባቸው ዛሬ በእርግጠኝነት ከምንጠቅስባቸው መጻሕፍት አንዱ ሶሒሕ አል-ቡኻሪ ነው። አንድ የቡኻራ የቲም ቃሉን በመጠበቁ የአገራችን ታሪክ ተጠበቀ። እኛ ዛሬ የምንጠብቃት ትንሽ ቃልስ ነገ ለማን እንደምትደርስ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ከሚመጣው ረመዳን በፊት፣ ዛሬውኑ አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ። ዕለታዊ መጠኑን እናሳንሰው፤ ከዒሻ በኋላ አንድ ገጽ ቁርኣን ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ከአንዱ ሶላት ጋር እንሰረው። ያንን ሰዓት ለሚሻማን ወሬና ቀጠሮም እምቢ ማለትን እንልመድ። «ኢንሻአላህ» ስንልም ከልባችን ይሁን። አላህ ነገ እሠራለሁ ስንል በእርሱ ፈቃድ እንድናስረው ያዘዘን በእርሱ ላይ ተመክተን እንድንሠራ ነው፤ እኛ ግን ላለመሥራት ጨዋ ማምለጫ አደረግነው።

ኢማሙ ሶሒሑን የጀመሩት ሥራ ሁሉ በኒያ እንደሚመዘን በሚናገረው ሐዲሥ ነው። የዘጉት ደግሞ በምላስ ላይ ቀላል፣ በሚዛን ላይ ግን ከባድ ስለሆኑ ሁለት የውዳሴ ቃላት በሚናገረው ሐዲሥ ነው። በኒያ ተጀምሮ፣ ቀላል ሆኖ በሚዛን በሚከብድ ሥራ ተፈጸመ።

አላህ (ሱ.ወ) ኒያችንን ያጥራልን፤ በጀመርነው መልካም ሥራም እስከ ዕለተ ሞታችን ያጽናን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።