ከአዋሽ መስክ እስከ መኖ ብሎክ፤ የአዳማ አካባቢ የከብት ቀለብ ታሪክ

ከአዳማ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያገኛል። አገዳው ሲቆረጥ ግንዱ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ጫፉ ግን ለከብት ይሆናልና በአካባቢው ያለ ከብት አርቢ ይፈልገዋል። በበጋ ወራት፣ ሌላው መሬት ሁሉ ሲደርቅ፣ ይህ የአገዳ ጫፍ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከአገዳው ጫፍ በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ነው፤ ይኸውም በአንድ መስክ ላይ አብሮ ይገኝ የነበረው የከብት ቀለብ እንዴት ተበታትኖ ለየብቻው ባለቤትና ዋጋ እንደ ወጣለት፣ ኋላም በመኖ ብሎክ መልክ ተመልሶ አንድ ላይ ለመሰብሰብ ምን እንደ ተሞከረ ነው።

ከስኳር ፋብሪካው በፊት የወንጂ ሜዳ የጅሌ ኦሮሞዎች የግጦሽ መሬት ነበር። ከዚያ ወደ ምሥራቅ በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ ያለው ደግሞ የከረዩዎች ነበር። የሁለቱም አኗኗር በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ እሱም አዋሽ ነው። በክረምት ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከወንዙ ርቆ በሜዳውና በተራራው ግርጌ ይሰማራል፤ በጋ ሲገባ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። ወንዙ ሞልቶ በሸሸበት ጭቃ ላይ ሣር እርጥብ ሆኖ ይቆያልና። የግራሩም ፍሬ በበጋ ይረግፋል፤ ፍየሉም በጉም ላሙም ይለቅመዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ከብቱ በየጊዜው ወደ ሆራ ይነዳል፤ ሆራ በማይገኝበትም ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈር ይቀርብለታል። ቦሌ ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አካባቢ እየተቈፈረ በገበያ የሚሸጥ ነው።

እንግዲህ የዛሬው የእንስሳት አመጋገብ ሊቅ በሠንጠረዥ የሚያስቀምጠው ሁሉ በዚያ መሬት ላይ ነበረ ማለት ነው። ደረቁ ሣር አሰሩን ይሰጣል፤ የግራሩ ፍሬና የወንዙ ዳር ልምላሜ ፕሮቲኑን ይሰጣሉ፤ ሆራውና ቦሌው ማዕድኑን ይሰጣሉ። ሚዛኑን የሚጠብቀው እረኛው ነው፤ የሚጠብቀውም በእግሩ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከተወሰደ የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ከብቱን በጋውን አያሻግሩትም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ስለሆነ ወደፊት እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከሩቅ ነው። ሆላንዳውያን ጃቫን ለቀው ሲወጡ በዚያ ትልልቅ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የነበሩት ኤች. ቪ. ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ሌላ አገር ይፈልግ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለና በወንጂ 5,000 ሔክታር ያህል መሬት ተሰጠው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው፣ ሸዋ የተባለው፣ በ1955 ዓ.ም. ተጨመረ። በመካከሉ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠርቶ የአዋሽ ሙላት በልክ ሆነ። ለመብራትና ለመስኖ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዳሩ ግን የበጋውን ሣር ያበቅል የነበረው ሙላቱ ራሱ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ጅሌዎች ከሜዳው ተነሡ። በዘመኑ ወንጂ ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ረግረግና የወባ አገር እንደ ነበረ፣ በልማት እንደ ተለወጠም ነው። ወባው እውነት ነው። ነገር ግን ለመሐንዲስ ረግረግ የሆነው ለእረኛ የበጋ ጎተራ ነበር።

በመተሐራ የሆነው ከዚህ የሰፋ ነው። ይኸው ኩባንያ በከረዩዎች አገር ሌላ እርሻ አቋቁሞ ፋብሪካው በ1962 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ አገዳውም ውሎ አድሮ 10,000 ሔክታር ያህል ያዘ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1958 ዓ.ም. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ይዞ ተቋቁሞ ነበር። በአንድ ወገን አገዳ፣ በሌላው ወገን ፓርክ ሆነና ከብቱ ከወንዙ የሚደርስበት መንገድ ጠበበ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ ከረዩዎች የሚሸሹበት የወንዝ ዳር መስክ አልነበራቸውም። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ወደ መንግሥት ቢዛወሩም መሬቱ አገዳ እንደ ሆነ ቀረ።

አሁን ደግሞ ፋብሪካው ያወጣውን እንመልከት። 100 ኪሎ ግራም አገዳ ሲጨመቅ በግምት 10 ኪሎ ስኳር፣ 30 ኪሎ ያህል እርጥብ ባጋስ፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሞላሰስ ይገኛል። ባጋሱ የፋብሪካውን ማፍያ ለማንደድ ይውላል። የወንጂ ፋብሪካ መጀመሪያ በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር እንዲያመርት የተሠራ ስለ ነበረ፣ በዚህ ስሌት በየቀኑ 400 ኩንታልና ከዚያም በላይ ሞላሰስ ይወጣው ነበር ማለት ነው። ሞላሰስ ስኳሩ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ነው። ስኳር ሆኖ መውጣት ያልቻለ ብዙ ጣፋጭ ነገር ስላለበት ለሚያመሰኩ እንስሳት ፈጣን ኃይል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የአልኮል ፋብሪካ ግብዓት ነበረ እንጂ ሜዳውን ላጣው ከብት አልተመደበም።

የቀሩትም የቀለብ ክፍሎች እንዲሁ በየበኩላቸው ተለያይተው ወጡ። አዳማ የባቡር ከተማ ስለ ነበረችና የአርሲና የሸዋ እህል ስለሚገባባት የዘይት መጭመቂያና የዱቄት ፋብሪካ በቀሉባት። ከመጭመቂያው የኑግ ፋጉሎ፣ ከዱቄቱ ፉርሽካ ይተርፋል። የምሥራቅ ሸዋ ገበሬ ጤፉን ሲወቃ ጭዱን ይከምራል፤ ጭዱንም ከከብቱ ሌላ ጭቃ የሚያቦካ ቤት ሠሪ ይሻማዋል። ዩሪያው ከሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ካዱ በአሰላ ከተቋቋመበት ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአርሲ ገበሬ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር ተዋወቀ። ያን ጊዜ ለስንዴ ተብሎ የገባ ነገር አንድ ቀን ለበሬ ይሆናል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ማዳበሪያ ለበሬ መሆኑ የሚያስደንቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያቱ በበሬው ጨጓራ ውስጥ ነው። ገለባን የሚፈጨው በሬው ራሱ አይደለም፤ በጨጓራው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ለመራባት ናይትሮጅን ይሻሉ፤ ከዩሪያም ሊያገኙት ይችላሉ። ጀርመናዊው ናታን ሱንትስ ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። የጭድና የገለባ ፕሮቲን ከመቶ 3 እስከ 5 ብቻ ሲሆን ሕዋሳቱ በደንብ እንዲሠሩ 7 ያህል ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በሬ በገለባ ክምር አጠገብ ቆሞ ሊከሳ ይችላል፤ ሆዱ ሙሉ ነው፣ ነገር ግን በሆዱ ያለው አይፈጭለትም። ጥቂት ዩሪያና ጥቂት ሞላሰስ ሲጨመርለት ያው ገለባ ምግብ ይሆናል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ዩሪያ በአንድ ጊዜ በዝቶ ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ከብት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ብሎክ ያስፈለገውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዩሪያው በጠንካራ ነገር ውስጥ ከታሰረ ከብቱ ጥቂት በጥቂት ይልሰዋል እንጂ አይጎርሰውም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አውስትራሊያዊው ፕሮፌሰር ሮን ሌንግና ቶማስ ፕሬስተን የተባሉት የእንስሳት አመጋገብ ሊቅ በገለባ የሚኖር ከብት ምን እንደሚጎድለው በሰፊው አጠኑ፤ በሕንድ አናንድ የሚገኘው የወተት ልማት ቦርድም ብሎኩን ለገበሬ ማምረት ጀመረ። ከተለመዱት ቀመሮች አንዱ በመቶኛ እንዲህ ነው፤ ሞላሰስ 40፣ ፉርሽካ 35፣ ዩሪያ 10፣ ሲሚንቶ 10፣ ጨው 5። ጨውና ዩሪያ በሞላሰሱ ውስጥ በደንብ ይሟሟሉ፤ ሲሚንቶው ይከተላል፤ ፉርሽካው መጨረሻ ይገባል። ከዚያ በቅርጽ ተደርጎ ይጠቀጠቃል፤ በማግሥቱ ወጥቶ በጥላ ይደርቃል። እሳት አያስፈልገውም። አሠራሩን ያየ ብሎኬት ማምረቻ የገባ ሊመስለው ይችላል፤ እጅግም አልተሳሳተም። አንድ ላም በቀን ግማሽ ኪሎ፣ አንድ በግ 100 ግራም ያህል ብትልስ ይበቃታል። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ ግን አይሰጥም።

ይህ ሰው ሠራሽ አሞሌ ነው ማለት ይቻላል። አሞሌም ከአፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ በግመልና በአህያ አገር አቋርጦ የሚሄድ፣ መጠኑ የታወቀ ብሎክ ነበረ፤ ስለዚህም ገንዘብ እስከ መሆን ደረሰ። የሚጓዝ ነገር ሁሉ ቅርጽና ልክ ይፈልጋል።

የሚላሰው ብሎክ ግን ገለባ ባለበት ብቻ የሚረዳ ነው። ገለባው ራሱ ከሌለ ምን ይደረግ? የተሟላው የመኖ ብሎክ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በዚህኛው ገለባው ተከትፎ ግማሹን ያህል ይይዛል፤ ቀሪው ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስ፣ ጨውና ማዕድን ነው። ሁሉም ተደባልቆ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይታመቃል፤ ከብቱ ሌላ ምግብ ሳይሻ እሱኑ ፈርፍሮ ይበላል። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የሕንድን ልምድ መሠረት አድርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። ዋናው ጥቅሙ በጉዞ ላይ ነው። ልቅ ገለባ በአንድ ሜትር ኩብ ከ100 ኪሎ አይበልጥም፤ ሲታመቅ ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። በ2014ና በ2015 ዓ.ም. ቦረና በተከታታይ ዝናብ ባጣ ጊዜ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ጭድና ድርቆሽ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲወርድ አይተናል። መኪናው እስከ አፉ ሞልቶ ይሄዳል፤ ክብደቱን ብናስብ ግን ግማሽ ባዶ ነው። ነዳጁ የተከፈለው በአብዛኛው ለነፋስ ነበር። ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደርሰውም ጭድ ብቻውን፣ ቀደም ብለን እንዳየነው፣ የከሳን ከብት አያነሣም።

የሚላሰው ዓይነት በአገራችን በድርቅ ጊዜ ተሞክሯል። ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ይኸው ዓለም አቀፍ ድርጅት በአፋርና በሶማሌ ለሚገኙ አርብቶ አደሮች ብሎክ አቅርቧል። ዳሩ ግን እርዳታ ዝናብ ሲጠፋ ይመጣል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል። በአዳማና በሞጆ ያሉት የሰንጋ ማድለቢያዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው። ከቦረና ቆላ የመጡ ወይፈኖች እዚያ ታስረው ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ሞላሰስ እየበሉ ለውጭ ገበያ ይደልባሉ። ማድለቢያው በፋብሪካዎቹና በመጭመቂያዎቹ አጠገብ ስለሆነ ብሎክ ባያስፈልገው አያስገርምም፤ በመዶሻ ርቀት ያለውን ማን ያሽገዋል? ብሎክ የሚያስፈልገው ሩቅ ያለው ነው፤ ሩቅ ያለው ደግሞ ጥሬ ዕቃውን ለመግዛት ከሁሉ ያነሰ አቅም ያለው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የመጭመቂያ ማሽን ጥያቄ ብቻ አይመስለኝም። ሲሚንቶው ቢወደድ ሸክላ አፈር ይተካዋል፤ ቅርጹን ማንም አናጢ ይሠራዋል። የማይተካው ሞላሰሱ ነው። የመተሐራ ፋብሪካ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከሞላሰስ ኢታኖል ማውጣት ጀምሮ ኢታኖሉ ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል ተደርጓል። አገር ነዳጅ ለመግዛት የምታወጣውን የውጭ ገንዘብ ላሰበ ይህ ከንቱ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ሂሳቡን በሌላ በኩል ማስላት ይገባል። አንድ ሊትር ኢታኖል 4 ኪሎ ያህል ሞላሰስ ይፈልጋል። 4 ኪሎ ሞላሰስ ከላይ በጻፍነው ቀመር 10 ኪሎ ብሎክ ይሆናል፤ 10 ኪሎ ብሎክም አንዲት ላም ለ20 ቀን ትልሰዋለች። ከፋብሪካው አጥር ውጭ በፈንታሌ የሚኖረው ከረዩ ይህን ሞላሰስ የሚያገኘው እንደ ማንኛውም ገዢ በገበያ ዋጋ ነው። አገዳው የበቀለው ግን ላሞቹ በጋውን ያሳልፉበት በነበረው መሬት ላይ ነው።