ለ«ኮንሶል» ገበታ አለን

«የተንቀሳቃሽ ምስል ጨዋታ መጫወቻ መሣሪያ» የሚል ሐረግ በየጽሑፉ እየበዛ መጥቷል። ኮንሶል ለማለት ነው። ለአንድ ዕቃ አምስት ቃል! ጨዋታና መጫወቻ አንዱን ግስ ሁለት ጊዜ ያስደግሙናል፤ «ተንቀሳቃሽ ምስል» ደግሞ ሲኒማውንም፣ ዜናውንም፣ የሠርግ ቪዲዮውንም የሚጠቀልል ስም ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ወደ ጌም ቤት የሚሮጥ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቁት ባጭሩ ይመልሳል። ቃል አጥተን የምንንተባተበው ብዕር የያዝነው ነን። ሐረጉ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ሥር ሳይሰድ የተሻለ ማቅረብ አለብን።

ዕቃውን አንባቢ ያውቀዋል። ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፣ ጨዋታ ይጫንበታል፣ ሁለት ልጆች ፊቱ ተቀምጠው ይፎካከሩበታል። ለዛሬ ልጅ ፕሌይስቴሽን ነው። ከዚያ በፊት ግን አታሪ ነበር፤ አታሪ ደግሞ ስሙን ያገኘበት መንገድ ለክርክሬ ስለሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት።

ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰኔ 1972 (የዚህ ዕቃ ታሪክ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኩባንያ ሲያቋቁሙ በመጀመሪያ ያሰቡት ስም «ሲዚጂ» ነበር፤ የሰማይ አካላት በአንድ መስመር ሲሰለፉ የሚባልበት የሥነ ፈለክ ቃል ነው። ስሙ በሌላ ድርጅት ተይዞ ተገኘ። ቡሽኔል ጎ የሚባለውን የምሥራቅ እስያ የጠጠር ጨዋታ ይወድ ነበርና ከዚያ ቃል አነሣ። አታሪ በጎ ተጫዋቾች ዘንድ የአንዱ ጠጠር ዙሪያውን ተከቦ አንዲት መተንፈሻ ብቻ ስትቀረው የሚባል ነው። የእኛ ዳማ ተጫዋች «ልበላህ ነው» ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ቦታ መሆኑ ነው። እንግዲህ የአዲሱን ኢንዱስትሪ ዋና ስም የሰጠው በእንጨት ላይ በጠጠር የሚካሄድ ጥንታዊ ጨዋታ ነው። «የኤሌክትሮኒክ ምስል አንቀሳቃሽ ድርጅት» ብለው አልተጨናነቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። አለን አልኮርን ለኩባንያው የሠራው፣ ፖንግ የተባለ በሳንቲም የሚሠራ ጨዋታ በ1972 ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሙከራ ተተከለ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተበላሸ ተብሎ ሲከፈት ሳንቲም መያዣው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ተገኘ። በ1975 ፖንግ ለመኖሪያ ቤት ተሠርቶ ተሸጠ። በ1976 ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ኩባንያውን በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ1977 በኋላ 2600 የተባለው መሣሪያ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ 400 እና 800 የተባሉት የቤት ኮምፒውተሮች ተከተሉ። በ1983 የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ ሲወድቅ አታሪ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በዓመቱ ለቤት የሚሸጡ መሣሪያዎችን የሚሠራው ክፍል ተለይቶ ለጃክ ትራሚየል ተሸጠ፤ ትራሚየል ኮሞዶር የተባለውን ተፎካካሪ ኩባንያ የመሠረተ ሰው ነበር።

የ1977ቱን መሣሪያ ፎቶ አተኩራችሁ እዩት። አካሉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ግን እንጨት የሚመስል ንጣፍ ተለብጦበታል። በቤት ዕቃ መሐል ሲቀመጥ ባዕድ እንዳይሆን ነው። ከላይ በኩል ካሴት የሚሰካበት ሽንቁር አለ። የመጀመሪያው የቤት ፖንግ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እዚህ ግን ካሴቱን ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። በዚህ የቀደመው በ1976 የወጣው የፌርቻይልድ መሣሪያ ነበር፤ ሥራውን የመራውም ጄሪ ላውሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ስሙን ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ታዲያ ይህን ምን እንበለው? «ማጽናኛ» ያለ አይቻለሁ። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍቺ መቅዳት ይህን ያመጣል፤ ዕቃው ከማጽናናት ጋር አይገናኝም። «የጨዋታ ሣጥን» የሚሉ አሉ፤ ይህ ይሻላል፣ ግን ሣጥን ዘግተው የሚያስቀምጡበት ነው፣ ይህ ደግሞ ከፍተው የሚቀርቡበት። «መጫወቻ» ብቻውን አሻንጉሊትም ኳስም ነው፤ «የሰው መጫወቻ አደረገኝ» ስንል ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እኔ የምሟገተው ለ«የጨዋታ ገበታ» ነው። ኮንሶል በፈረንጆቹ ዘንድ ከግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም ጠባብ ጠረጴዛም ነው፤ በኋላ ኦርጋን የሚጫወቱበት፣ ከዚያም መቆጣጠሪያ ቁልፎች የተደረደሩበት ጠረጴዛ ኮንሶል ተባለ። ማለትም ሰው ቀርቦ የሚሠራበት ገበታ ነው። በእኛም ገበታ እንዲሁ ሰው የሚቀርበው ነገር ነው። ምግብ ይቀርብበታል። ፊደል ገበታ ላይ ሀሁ ይቆጠራል። ገበጣ የሚጫወቱበት ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው እንጨትም ገበታ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጠጠር ያፈሳል፣ ይዘራል፣ ይበላል። ካሴት የሚለዋወጥበት መሣሪያም ያው ነው፤ ገበታው አንድ፣ የሚቀርብበት ብዙ።

ሁለት ተቃውሞ እጠብቃለሁ። አንደኛው፣ «ገበታ ለሸገር»ና «ገበታ ለሀገር» ካልን ወዲህ ቃሉ የምግብ ሆኗል የሚል ነው። አልቀበለውም፤ የትኛውም ልጅ ፊደል ገበታን ምግብ ነው ብሎ አያውቅም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ዳማና ሰንጠረዥ «የገበታ ጨዋታ» ከተባሉ «የጨዋታ ገበታ» አያምታታም ወይ? መልሴ ሰዋስዋችን ነው። በአማርኛ ዋናው ነገር ኋላ ይመጣል። የገበታ ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ የጨዋታ ገበታ ገበታ ነው። የቤት ሥራና የሥራ ቤት ተለያይተው ሲኖሩ ያምታታው ማንም የለም።

ቪዲዮ ጌም የሚለውስ? በንግግር ጌም ይቆይ፤ አልጣላውም። አዲስ አበባ ያለው፣ «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ የሠራው ኩባንያ እንኳ ራሱን ቅኔ ጌምስ ብሏል። ለጽሑፍ ግን «የመስኮት ጨዋታ» እላለሁ። ቴሌቪዥን በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ «በቴሌቪዥን መስኮት» ማለት ለምደናል፤ ማንም አላዘዘንም፣ ቃሉ ራሱ ቦታውን አገኘ። የስልክ ገጽም መስኮት ነው። ጨዋታ ብቻውን አይበቃም፤ ጎጃም ውስጥ «ጨዋታ አምጣ» ያሉት ሰው ወግ ነው የሚጀምርልዎ።

ኮምፒውተርን ግን ልተወው። «ቀማሪ» ያማረ ቃል ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሊቃውንት የሚያውቁት ቀመረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ ተማሪም ቀመርን በሒሳብ ክፍል ያገኘዋል። ሆኖም ኮምፒውተር በሁሉም አፍ ገብቷል፤ ያን ማስወጣት አቅም ማባከን ነው። ካርትሪጅም ካሴት ይባል፣ ከቴፕ ዘመን ጀምሮ የእኛ ነው።

የቀረኝ ጆይስቲክ ነው። የአታሪው ቀጥ ያለ አጭር ዱላና አንድ ቀይ ቁልፍ ነበረው፤ ለእርሱ «ዘንግ» ይበቃ ነበር። የዛሬው በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ብዙ ቁልፍ ያለው ነውና ዘንግ አይሸከመውም። ከዘወረ «መዘወሪያ» ማለት ይቻላል፤ ዘንግ ለአሮጌው፣ መዘወሪያ ለአዲሱ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።