«እኔ» የምትለው ቃልና የተማሪው ደብተር

ለመሆኑ «እኔ» ብሎ መጻፍ በእኛ ዘንድ ከመቼ ጀምሮ ነው የተፈቀደው? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል። የጽሑፍ ታሪካችንን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ለሚመለከት ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል አላቸው፤ ቅዱሳኑ ገድል አላቸው፤ ጀግኖቹ ፉከራና ቀረርቶ አላቸው። በማለዳ ተነሥቶ ብርድ እየጠበሰው ወደ ትምህርት ቤት የሄደው ልጅ፣ ገበያ ውላ ጀርባዋ ጎብጦ የተመለሰችው እናት፣ የጦሩን ስንቅ የጫነው አጋሰስ ነጂ ምን አላቸው? የእነርሱን ውሎ ከየት አግኝተን እናንብበው?

በአውሮፓ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ስም ያወጣለት ሚሼል ደ ሞንቴኝ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1571 ከአደባባይ ሥራ ርቆ በርስቱ ላይ በሚገኝ ግንብ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1580 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አሳተመና «ኤሴ» አላቸው፤ ሙከራ ማለት ነው። ሰውዬው ስለ ሞትና ስለ ወዳጅነት የጻፈውን ያህል ስለ አውራ ጣት ጽፏል፤ ከፈረስ ስለ መውደቁና ስላሠቃየው የኩላሊት ጠጠርም ጽፏል። በዚያ ዘመን አንድ መኳንንት ስለ ገዛ ሕመሙ መጽሐፍ ማሳተሙ ድፍረት ነበር።

እኛም ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ስም አላጣንም፤ «ወግ» እንለዋለን። መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» በሚለው መጽሐፉ ይህን ስም ከአንባቢ ጋር በደንብ አስተዋውቆታል። ቃሉን ልብ በሉት። ወግ ጨዋታ ነው፤ ደግሞም ሥርዓት ነው። «ወጉ አይቀርም» ስንል ስለ ጨዋታ እያወራን አይደለም። እንግዲህ በአማርኛ «እኔ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ታዟል ማለት ነው፦ ተጫወት፣ ነገር ግን ወግህን ጠብቅ።

ይህ ትእዛዝ ከየት መጣ ቢሉ መልሱን በቅኔ ቤት እናገኘዋለን። የቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ ተለይቶ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሹን ከየደጁ ይለቅማል። ከዚያ የሚተርፈው ጊዜ የቅኔ ነው። ወደ ዋሸራም ይሂድ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ፣ ሥራው ያው ነው። ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ አይደገምምና ለማግስቱ ደግሞ ሌላ ያስፈልገዋል።

አንባቢዎቼ ይህን አስቡት። በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር የሚገደድ ወጣት ጥሬ ዕቃውን ከየት ያመጣል? ወርቁን ከመጻሕፍቱ ያገኘዋል። ሰሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዓይኑ ሥር ነው፦ ትናንት የነከሰው ውሻ፣ ቁራሽ የከለከለችው ባልቴት፣ ክረምቱ፣ ረኃቡ፣ የባልንጀራው ሞት። የዕለት ኑሮው ከቅኔው ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሽፋን ሆኖ ነው ያለው። መምህሩ የሚመረምረው ወርቁን ነው። ተማሪው ተርቧል፤ ቅኔው ግን ስለ ረኃቡ አይደለም። «እኔ ተርቤአለሁ» ብሎ በግልጥ መናገር ወግ አልነበረም። ብዙው ቅኔም ከተነገረበት ማታ አላለፈም፤ ከአፍ ወጥቶ ከጆሮ ቀረ።

በግእዝ በኩል ስለ ራሱ የሚናገር ጽሑፍ ከተነሣ ብዙ ሰው የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ መጥቀሱ አይቀርም። የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ተማረ፣ ለምን ከዋሻ እንደ ተሸሸገ በራሱ አንደበት ይናገራል። ተማሪው ወልደ ሕይወት ደግሞ በራሱ ሐተታ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳርና ስለ ዕለት ኑሮ ይመክራል። ጽሑፎቹ በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያውያን ናቸው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ናቸው የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሮ ገና አልተቋጨም። ስለዚህ ሙግቱን ለሊቃውንቱ ትቼ ወደማያከራክረው ልለፍ።

የማያከራክረው በ1959 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ነው። አለቃ ለማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወለዱ፣ በቆሎ ተማሪነት አገር ለአገር የዞሩ፣ ስመ ጥር የቅኔ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በለንደን ተምሮ የተመለሰ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ነው። ልጅ ከአባቱ ፊት የድምፅ መቅጃ አስቀመጠ፤ አባት ተጫወቱ። የተቀዳውን ወደ ወረቀት ሲገለብጠውም የአባቱን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አላቀናውም።

ውጤቱ ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው። ሽማግሌው ስለ ዘመኑ ታላላቅ ሰዎች ይናገራሉ፤ ከዚያው አያይዘው የየኔታን ጠባይ፣ የተማሪዎቹን ፉክክር፣ የመንገዱን ድካም ይጨምሩበታል። በቅኔ ውስጥ ለዘመናት ሰም ሆኖ የኖረው የተማሪው ውሎ እዚህ ራሱን ችሎ ቆመ። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገር አስፈልጓል። አንደኛው የሚያስታውስ አባት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው፣ የሚጠይቅ ልጅ ነው። አለቃ ለማ ብዕር የጠፋባቸው ሰው አልነበሩም። ሊቅ ነበሩ፤ ሆኖም ይህን መጽሐፍ የወለደው ስለ ውሏቸው የጠየቃቸው ሰው መገኘቱ ነው።

ሳይጠየቁ የጻፉም አሉ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የጦር ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። «የሕይወቴ ታሪክ» ለአንባቢ የደረሰው ግን በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲል። የልዑል ራስ እምሩ መጽሐፍም እንዲሁ ከሞታቸው በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ታተመ። የእርሳቸውን ርእስ ልብ ይሏል፦ «ካየሁት ከማስታውሰው»። ልዑል፣ የጦር አዝማች፣ አምባሳደር የነበረ ሰው ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ አላለም፤ ካየሁት ላይ፣ ከዚያም ከማስታውሰው ላይ አለ። ወግ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ መኳንንቱም ሊቃውንቱም በስተመጨረሻው «እኔ» አሉ። ተራው ተማሪስ?

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ለተማሪው ደብተር ሰጠው፤ ድርሰትም አስተማረው። ይሁንና የምናስታውሳቸው የድርሰት ርእሶች ምን ነበሩ? «የውኃ ጥቅም»፣ «የደን ጥቅም»፣ «የትምህርት ጥቅም»። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ መምህራችን በድርሰት ውስጥ «እኔ» የምትል ቃል ካገኙ በቀይ እስክሪብቶ ሠርዘው «እኛ» ብለው ያርሙ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እርሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው። በኋላ ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ስማር ዜና ውስጥ ጸሐፊው መታየት እንደሌለበት ተነገረኝ። ይህ ለዜና ትክክል ነው። ነገር ግን ለዜና የወጣው ሕግ የሁሉም ጽሑፍ ሕግ ሲሆን፣ ስለ ገዛ ቤቱ ሁለት ገጽ መጻፍ የማይችል የተማረ ሰው ይበዛል። አንድ የጎረቤት ልጅ በቅርቡ «ስለ ራሴ ብጽፍ ድርሰት ይባልልኛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያ ቀይ እስክሪብቶ ዛሬም እንዳልነጠፈ ገባኝ።

ከቀይ እስክሪብቶ የከፋም አለ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ወደ ገጠር ተላኩ። በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አብዛኞቹ ከከተማ ወጥተው የማያውቁ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ከገበሬው ጎጆ ገቡ። በታሪካችን ይህን ያህል ብዛት ያለው ደብተርና እርሳስ የያዘ ሰው በአንድ ጊዜ ገጠርን ያየበት ሌላ ወቅት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አክስቴ ከእነርሱ አንዷ ነበረች፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ወደ አርሲ ተመደበች። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዛ ሄዳ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ትጽፍ ነበር። ደብተሩ ዛሬ የለም። በ1970 ዓ.ም. በሰፈሩ አሰሳ ሲመጣ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ምን የሚያስፈራ ነገር ነበረበት ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ምንም» አለችኝ። «ስለ ዝናብና ስለ ሽሮ ነው የጻፍኩት። እንጀራ መጋገር ያስተማሩኝን ሴትዮ ስም ጽፌአለሁ። ግን በዚያን ጊዜ በእጅ የተጻፈ ነገር ሁሉ ያስፈራል። ስም ካለበት ደግሞ ይብሳል።»

የዚያን ዘመን ሰው ይህን ያውቀዋል። በብዙ ቤት ደብዳቤ ተቃጥሏል፤ ፎቶግራፍ ተቀዷል፤ መጽሐፍ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀብሯል። የዘመቻው አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አለ። የባለ ሥልጣናቱ ንግግር በአዲስ ዘመን አለ። የጠፋው የሴትዮዋ ስም ነው። አክስቴ ዛሬ ልታስታውሰው ብትሞክር አልመጣልሽ አላት። ሴትዮዋ አንዲትን የከተማ ልጅ ምጣድ ፊት አስቀምጣ ለወራት ያስተማረች፣ የራሷ አስተያየት የነበራት ሰው ናት፤ በጽሑፍ የኖረችው ግን በዚያች ደብተር ብቻ ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን እንተርታለን። የእኛ ችግር የማንበብና የመጻፍ ብቻ መስሎ ይታየን ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። የቅኔ ተማሪው መጻፍ ያውቅ ነበር፤ ወጉ ከለከለው። የዘመናዊው ተማሪ መጻፍ ያውቅ ነበር፤ እርማቱ ከለከለው። አክስቴ ጽፋ ነበር፤ ፍርሃቱ አስቃጠላት። ሦስቱም ዘንድ የጎደለው ፊደል አልነበረም። «ያንተም ውሎ ይጻፋል፣ አንቺም ያየሽው ምስክር ነው» የሚል ሰው ነው የጎደለው።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም። በየስልኩ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ በሚያወራበት በዛሬው ዘመን «እኔ» አነሰ ማለት እንዴት ይቻላል ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ «እኔ» አላነሰም። ያነሰው በ«እኔ» በኩል ሌላውን ማሳየት ነው። አለቃ ለማ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የምናየው መምህሮቻቸውን ነው፤ አክስቴ ስለ ራሷ ስትጽፍ የተመዘገበችው ጋጋሪዋ ናት። ወግ ያለው «እኔ» መስኮት ነው፤ ወግ የሌለው መስተዋት ይሆናል። በእርግጥ ትዝታ ይስታል፤ ራሱንም ያሞግሳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ትዝታ ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ ከሰነድና ከሌላ ሰው ትዝታ ጋር መመዛዘን አለበት። ለመመዛዘን ግን አስቀድሞ መኖር አለበት።

ስለዚህ ለዚያ ለጎረቤቴ ልጅና ለእኩዮቹ የምመክረው ይህን ነው። ስለ ውኃ ጥቅም ጻፍ ከተባልክ በቤታችሁ ውኃ የሚመጣው በየስንት ቀኑ እንደ ሆነ፣ ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን የሚሞላው ማን እንደ ሆነ ጻፍ። ቀኑን ጻፍ፤ ዋጋውን ጻፍ፤ የሰውየውን አነጋገር እንዳለ ጻፍ። አያትህን «ታሪክ ይንገሩኝ» አትበላቸው፤ ስለ ንጉሥ ይነግሩሃል። «የኔታ ዘንድ ሲማሩ ጠዋት ማን ይቀሰቅስዎ ነበር? ምን ይበሉ ነበር? ስትመቱ የት ትሸሸጉ ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። መንግሥቱ ለማ የድምፅ መቅጃ መፈለግ ነበረበት፤ አንተ ግን መቅጃው ኪስህ ውስጥ ነው።

በዘመቻው ጊዜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት ዛሬ ሰባ ዓመት እየሞላቸው ነው። ከአሰሳው የተረፈ ደብተር በየሣጥኑ ሥር ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ አውጡት፤ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። የተቃጠለባችሁ ደግሞ የምታስታውሱትን ያህል እንደገና ጻፉት። ከስሞቹ ጀምሩ፤ አስቀድሞ የሚጠፋው ስም ነውና።