ከቅል ጋያ እስከ ብረት ታንክ፦ ጭስ እንዴት ለሰለሰ?

(ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውቶቡስ ተራ ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። የሀገር አቋራጭ ተሳፋሪው ዕቃውን አስጭኖ መኪናው እስኪሞላ ሲጠብቅ ጀብሎው ይደርስበታል። ሳጥኑ ውስጥ ማስቲካ አለ፣ ከረሜላ አለ፣ ሶፍትና ክብሪት አለ፤ ሲጋራም አለ። ፓኮ ሙሉ መግዛት ያቃተው አንድ ፍሬ ይገዛል። ስለ ጣዕሙ የሚጠይቅ የለም፤ ስለ አጠቃቀሙም ማብራሪያ አያስፈልግም። ክብሪት ይበቃል።

በሌላው ዓለም ግን ሰዎች የሚተነፍሱትን ነገር እንደ ሞባይል ስልክ ይገመግሙታል። በተለይ ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚወዱ ሰዎች አዲስ ታንክ በወጣ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ያነሳሉ። አንደኛው፣ ጣዕሙን ምን ያህል ያወጣል? ሁለተኛው፣ ለአጠቃቀም ይቀላል ወይስ ያስቸግራል? ጥያቄዎቹ የዘመናችን ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የሰው ልጅ ጭስ መሳብ ከጀመረ ወዲህ የሠራቸው ዕቃዎች በሙሉ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ታሪኩ ሲገለጥ ደግሞ አንድ የማይመች እውነት ይወጣል፦ ጭሱ በለሰለሰ ቁጥር የሚይዘው ሰው በዝቷል።

▪️ ታንኩ ምንድን ነው?

በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ይህን ዕቃ ለመረዳት አይቸገርም። በኩራዝ ውስጥ ነጭ ጋዝ አለ፤ ክሩ ጋዙን ወደ ላይ ይስባል፤ ጫፉ ላይ እሳት አለ። በቬፕ ታንክ ውስጥ ደግሞ በጋዙ ፋንታ ፈሳሽ፣ በክሩ ፋንታ ጥጥ፣ በእሳቱ ፋንታ በባትሪ የሚግል ጥቅልል ሽቦ አለ። ፈሳሹ የሚሠራው ከፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ከግሊሰሪን፣ ከማጣፈጫ ቅመምና አብዛኛውን ጊዜ ከኒኮቲን ነው። ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል፤ ሰውየው ያንን ይስባል።

ተራው ታንክ ሽቦው ሲያረጅ ሙሉ ክፍሉ ተነቅሎ ይጣላል። እንደገና የሚሠራ የሚባለው ታንክ ግን ባለቤቱ ራሱ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ በብሎን አስሮ፣ ጥጡን በመሃሉ አሳልፎ የሚያድሰው ነው። ግምገማውም እዚህ ላይ ያርፋል። ሽቦው ያለበት ክፍል ጠበብ ካለና አየሩ ከሽቦው ሥር በቀጥታ ከገባ፣ ጣዕሙ ይጎላል። ጥጡ ከበዛ ፈሳሹ ቶሎ አይደርስም፤ ጥጡ ያርርና ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጭስ ይወጣል። ካነሰ ደግሞ ፈሳሹ በአየር ቀዳዳው ይንጠባጠባል። የሽቦው ውፍረትና ርዝመት ሙቀቱን ይወስናል፦ 3.7 ቮልት ያለው ባትሪ 1 ኦም ሽቦ ላይ ወደ 14 ዋት ይሰጣል፤ ሽቦው ግማሽ ኦም ከሆነ ኃይሉ እጥፍ፣ ወደ 27 ዋት ይሆናል። ስሌቱን ሳያውቅ ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ባትሪውን ከአቅሙ በላይ ሊያስጨንቀውና አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ጥሩ ጣዕም የሚያወጣው ታንክ ብዙ ጊዜ ሙያ የሚጠይቀው ነው፤ ቀላሉ ደግሞ ጣዕሙ ይቀንሳል። ገምጋሚው የሚያደርገው ይህንን ማመዛዘን ነው። ይህ ሚዛን ደግሞ ከባትሪ በፊት የነበረ ነው።

▪️ በበጌምድር ዋሻ የተገኙት የሸክላ ራሶች

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ (ከላስታው ላሊበላ ጋር አይምታታ)። በቁፋሮ ከተገኙት ነገሮች መካከል ሁለት የማጨሻ የሸክላ ራሶች ነበሩ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቬ የተባሉ ተመራማሪ በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ በራሶቹ ላይ የካናቢስ ቅሪት መገኘቱንና ዕድሜያቸውም ወደ 1320 ገደማ እንደሚገመት ጻፉ። ዘመኑ ልክ ከሆነ ኮሎምበስ አሜሪካን ከመርገጡና ትምባሆ ባሕር ከመሻገሩ ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞ በዚህች አገር ጭስን በውኃ አሳልፎ የሚስብ ሰው ነበር ማለት ነው።

በኋላ ትምባሆ ሲገባ ዕቃው ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። ጋያ ይሉታል፦ ውኃ የያዘ ቅል፣ የመቃ ቱቦ፣ ከላይ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ። ቅሉ ከጓሮ፣ መቃው ከወንዝ ዳር፣ ሸክላው ከሸክላ ሠሪዋ። ራሱ ሲሰበር ራስ ይቀየራል፤ ቅሉ ሲነቃ ሌላ ቅል ይቀፈፋል። እንደገና የሚሠራ ታንክ አዲስ ነገር ነው ለሚል ሰው መልሱ ጋያ ነው።

የጋያው ውኃ ለምን አስፈለገ? ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ጉሮሮን ከመቧጠጥ ያለዝበዋል። ውኃ መርዙን ያጣራል የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለ ያልፋል፤ ኒኮቲኑም አብዛኛው ይደርሳል። ውኃው የሚያስወግደው ከጉዳቱ ይልቅ ማስጠንቀቂያውን ነው። ጉሮሮ ሲቃጠል፣ ሳል ሲመጣ፣ ሰውነት «ተው» እያለ ነው። ጭስን የማለዘብ ጥበብ ሁሉ ይህንን «ተው» ዝም የማሰኘት ጥበብ ነው።

▪️ ከንፈር ከመቁረጥ እስከ ሞኖፖል

ነገሥታት ጭስን መጥላት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳተመ። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ በ1633 በሞት የሚያስቀጣ ክልከላ አወጣ። በእኛም አገር አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1872–1889) ትምባሆን አጥብቀው ከልክለዋል፤ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር ተብሎ ተጽፏል። በሕዝቡም ዘንድ ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ ሆድ የበቀለ ነው የሚል አፈ ታሪክ ነበረ። ዛሬ በደጋው አገር ሲጋራ ማጨስ ነውር ሆኖ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ጄምስ ቦንሳክ የተባለ ሰው በ1881 የሲጋራ መጠቅለያ ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ፤ ማሽኑ በ10 ሰዓት ወደ 120,000 ሲጋራ ይጠቀልል ነበር። በዚያ ላይ ቅጠሉን በሞቀ አየር የማድረቅ ዘዴ ተስፋፋ። እንዲህ የደረቀ ቅጠል ስኳሩ ስለሚቀር ጭሱ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ጉሮሮ ላይ ለስላሳ ስለሆነም እስከ ሳንባ ይሳባል። የፒፓ ጭስ አፍ ውስጥ ይቀር ነበር፤ የሲጋራው ጭስ ሳንባ ድረስ ወረደ። ሲጋራ ከዚህ ሁሉ ዕቃ በላይ የገደለው ከሁሉም ስለመረረ አይደለም፤ ከሁሉም ስለቀለለ ነው።

በኢትዮጵያ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ በኋላ፣ በ1942፣ የትምባሆን ሥራ በሞኖፖል ያዘ። ከንጉሡ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ ሥርዓት ሲቀያየር ፋብሪካው የመንግሥት እንደሆነ ቆየ። በ2016 የጃፓኑ ጄቲአይ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 መጨረሻ ሌላ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አሳደገ። ልብ ይበሉ፦ ከ100 አዋቂ 5 ገደማ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምባት አገር አንድ ኩባንያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚፈስሰው ዛሬ ለሚያጨሱት 5 ብቻ አይመስልም፤ ገና ለማያጨሱት 95ም ጭምር እንጂ።

▪️ ሺሻው፣ ማሩና ፍራፍሬው

ሺሻ የቆየ ዕቃ ነው። በብዙ አገር የሽማግሌዎች ነገር ሆኖ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ያነሳው በ1990ዎቹ ከግብፅ የተስፋፋው በማርና በፍራፍሬ ጣዕም የተለወሰ ትምባሆ ነው። ፖም፣ ወይን፣ ሚንት ሲጨመርበት ዕቃው ወደ ወጣቶች ዞረ። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች በ2005 እንዳስታወቁት፣ የአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ ከአንድ ሲጋራ 100 እስከ 200 እጥፍ የሚሆን የጭስ መጠን ሊያስገባ ይችላል። መራራ ቢሆን ኖሮ ማን ሰዓት ሙሉ ይስበው ነበር?

ቬፑም በዚሁ መንገድ መጣ። ሆን ሊክ የተባለው ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ራሱም አጫሽ፣ በ2003 ዘመናዊውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሲሠራ ዓላማው ማጨስን መተካት ነበር። በ2015 ጁል ገበያ ላይ ሲወጣ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋሕዶ ብዙ ኒኮቲን ጉሮሮ ሳይቧጥጥ እንዲወርድ አደረገ። ቅጠሉን በሞቀ አየር ያደረቁት ገበሬዎች ያገኙት ምሥጢር ይኸው ነበር፦ አሲድ ኒኮቲንን ያለዝባል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ቬፕ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጉዳይ ሆነ።

▪️ አዋጁና ጀብሎው

የኢትዮጵያ ፓርላማ በየካቲት 2019 ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ነው) ይህን ታሪክ ያነበበ ሕግ ይመስላል። ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከገበያ ከለከለ፤ ማጣፈጫ ያለበትን ትምባሆ ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከለከለ። ጣዕምን ከዕቃው እኩል መከልከሉ ትልቁ ብልህነቱ ነው።

ተቃውሞ አለ፤ ተገቢ ተቃውሞም ነው። እንግሊዝ በ2015 በጤና ተቋሟ በኩል ቬፕ ከሲጋራ 95 በመቶ ገደማ ያነሰ ጉዳት አለው ብላ አጫሾች እንዲቀይሩ አበረታታለች። ቁጥሩ ብዙ ክርክር ቢያስነሳም፣ ቅጠል አይነድምና ለነባር አጫሽ ከሲጋራ የቀለለ ጉዳት እንዳለው ብዙዎች ይቀበላሉ። ታዲያ እዚህ ለምን ይከለከላል? መልሱ በቁጥር ውስጥ ነው። አጫሽ በሞላበት አገር አዲሱን ዕቃ የሚገዛው ምናልባት ከሲጋራ የሚሸሽ ሰው ነው። ከ100 ሰው 95ቱ በማያጨስበት አገር ግን አብዛኛው አዲስ ደንበኛ ጭስ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ ይሆናል። እንግሊዝ ራሷ በሰኔ 2025 አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ ከገበያ ያስወጣችው ቆሻሻውና የልጆቹ ነገር አሳስቧት ነው።

የእኛ ችግር ሕጉ ሳይሆን ዓይኑ ነው። ዓይኑ የሚያየው ለዓይን ደማቅ የሆነውን ነው። ፖሊስ ሺሻ ቤት ገብቶ ዕቃውን ሰብስቦ ሲያስወግድ ዜና ይሆናል፤ ካሜራ ይመጣል። በአውቶቡስ ተራ በኩል ግን በፍሬ የሚሸጠው ሲጋራ ዕድሜ ሳይጠየቅበት ያልፋል። የ16 ዓመት ልጅ ፓኮ መግዣ ባይኖረውም የአንድ ፍሬ አያጣም። በፍሬ መሸጥ ራሱ የአጠቃቀም ቅለት ነው፤ እንደ ጋያው ውኃ፣ እንደ ታንኩ ጥጥ፣ የመጀመሪያዋን እርምጃ ያለዝባታል።

እዚህ ላይ ጀብሎውን መክሰስ ይቀላል። ጀብሎው ግን ከገጠር መጥቶ በሳጥን ንግድ ማታ እንጀራ የሚገዛ፣ አንዳንዴ ራሱም ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ነው። ሳጥኑን ከመቀማት ይልቅ ሲጋራው ከአከፋፋዩ እጅ እንዴት እንደሚደርሰው መከታተል፣ ቀረጡን ማጥበቅ፣ በየጤና ጣቢያው ማጨስ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ምክር ማዘጋጀት ይሻላል። ይህ ካሜራ አይጠራም፤ ሥራው ግን ይህ ነው።

ለወጣቱም አንድ ነገር። ነገ አንድ ጓደኛ ማንጎ የሚሸት ታንክ አውጥቶ «ሞክረው፣ አይቧጥጥም» ቢል፣ እውነቱን ነው፤ አይቧጥጥም። እንዳይቧጥጥ ለማድረግ ቢያንስ ከዋሻው የሸክላ ራስ ጀምሮ ወደ 700 ዓመት ተለፍቶበታል። የሚቧጥጠውን ብዙ ሰው ቀምሶ ተወው፤ ይዞ ያስቀረው የማይቧጥጠው ነው።